እናቴ «በሰንበት እሳት የለም» ትላለች፤ እኛ ቤት ደግሞ ፕላታ አለ

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦ «እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ከጎንደር ገጠር ወጥታ በዘመቻ ሰለሞን ነው ወደ እስራኤል የመጣችው። በየሁለት ሳምንቱ ሻባትን እኛ ጋ ታሳልፋለች። ከፕላታ (ዓርብ ተሰክቶ ሻባትን ሙሉ ምግብ ከሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ብረት) ላይ የወረደ ምግብ ግን አትነካም፤ "በሰንበት እሳት?" ብላ ቀዝቃዛ ዳቦዋን ትበላለች። ባለፈው የባለቤቴ ወንድም፣ የሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) የተማረ ነው፣ "በሻባት ትኩስ የማይበላ ሰው እምነቱ ያጠራጥራል ተብሎ ተጽፏል" ብሎ ልጆቹ ፊት ተናገራት። ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ለመምጣት ሰበብ ታበዛለች። ማን ነው ልክ? ፕላታውን እንተወው? ዶሮ ወጡንና ቡናውንስ እንዴት እናድርግ?»

ከባለቤትህ ወንድም ልጀምር። የጠቀሰው ነገር በእርግጥ ተጽፏል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የክራኮው ረቢ ሞሼ ኢሰርሌስ «ሹልኻን ዓሩኽ» በተባለው የሕግ መጽሐፍ ላይ ባከሉት ማስታወሻ ውስጥ ይገኛል። ግን ግማሹን ነው ያነበበላችሁ። እዚያ የተጠረጠረው የጠቢባኑን ቃል የማያምንና በዚህ ምክንያት ትኩስ መብላትን የሚከለክል ሰው ነው። ነገሩ የመጣው ቀራውያን ከሚባሉት ጋር ከነበረው የቆየ ጠብ ነው። ቀራውያን የጠቢባኑን ቃል የያዘውን ታልሙድን አውቀው አንቀበልም ያሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም ዓርብ ማታ መብራት አጥፍተው ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። በዚያ ዘመን በሰንበት ትኩስ ድስት ማቅረብ «እኔ ከጠቢባኑ ወገን ነኝ» ማለት ነበር። መታወቂያ በለው።

እናትህ ማንንም አልካዱም። ታልሙድ ሰሜን ተራራ ላይ አልደረሰም፤ ያልደረሰውን ደብዳቤ አልመለስክም ተብሎ የሚከሰስ ሰው የለም። ደግሞ ያው የሺቫው ልጅ የተማረው ታልሙድ፣ ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ደም እንደማፍሰስ ነው ይላል። ስለዚህ ከፕላታው በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። በስልክ ሳይሆን ሄዶ፣ ጉልበት ስሞ። ልጆቹ ፊት ከተናገረ ልጆቹ ፊት ይጠይቅ።

አሁን ወደ እናትህ ወግ። «ባለማወቅ ነው» የሚሉ አሉ፤ ይህን ነው መጀመሪያ ማረም ያለብን። እኔ ያደግኩበት ቤት እናቴ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምድጃው ላይ ውሃ ቸፍ ታደርግና፣ ጭሱ ሲያበቃ አመዱን በእጇ ጀርባ ትነካው ነበር። ካልቀዘቀዘ ካጠገቡ አትሄድም። ውሃው በእንስራ ተቀድቶ ገብቷል፤ ዳቦው ተጋግሯል፤ ልብስ ታጥቧል፤ ከዚያ ሁላችንም ወደ ወንዝ ወርደን ተጣጥበን ነጭ ለብሰን እንመለሳለን። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ምግቡ ቀዝቃዛ ነው፤ ማንም ግን ቅር አይለውም ነበር።

ይህ ሁሉ ከየትም የመጣ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 50ን ክፈት። በስድስተኛው ቀን ያዘጋጁትን ብቻ በሰንበት መብላትና መጠጣት እንደሚገባ ይናገራል። ዓርብ ያልተቀዳ ውሃ መቅዳትን፣ ሸክምን፣ መንገድ መሄድን፣ እሳት ማንደድን፣ በሰንበት መጾምን ሁሉ ይከለክላል። ባልና ሚስት አብረው እንዳይተኙ እንኳ ያዛል፤ በረቢዎቹ ሕግ ግን ይህ በሰንበት የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የተወደደ ነው። ኩፋሌ ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ነው። የዕብራይስጥ ቁርጥራጮቹ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሙት ባሕር ዳር ቁምራን ዋሻዎች ውስጥ ሲገኙ ግን፣ መጽሐፉ ቤተ መቅደሱ ሳይፈርስ በፊት በይሁዳ ይነበብ እንደነበር ታወቀ። የእናትህ ሰንበት ከሚሽና፣ ከጠቢባኑ የመጀመሪያ የሕግ ስብስብ፣ በፊት የነበረ ሰንበት ነው። ከፈለግህ ይህን ለወንድምየው አንብብለት።

ያም ሆኖ፣ እናትህም «ፕላታ በሰንበት እሳት ማንደድ ነው» ሲሉ በሃላኻው፣ በረቢዎቹ ሕግ፣ ልክ አይደሉም። ኦሪት ዘጸአት 35፥3 የሚከለክለው በሰንበት ቀን እሳት ማንደድን ነው። ዓርብ የነደደ እሳት ሰንበት ላይ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን ጠቢባኑ እንዲህ ፈቱት፦ የተከለከለው የማንደዱ ሥራ ነው እንጂ የእሳቱ መኖር አይደለም። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የተሰበሰበው ሚሽና ስለ ሰንበት በሚናገረው ክፍል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ዓርብ መብራት በምን ዘይትና በምን ክር እንደሚበራ ያትታል። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ደግሞ ዓርብ ምድጃ ላይ ተጥዶ ስለሚያድር ድስት ነው። መብራቱ እንዲያውም ግዴታ ሆነ፤ ሰው በጨለማ እየተደናቀፈ የቤት ሰላም የለምና። ባለቤትህ ዓርብ ሻማ ስታበራ ግዴታዋን ነው የምትወጣው። ለእንግዳ ተብሎ የሚቀር ነገር አይደለም።

ጠቢባኑ ድስት ማሳደርን ሲፈቅዱ አንድ ነገር ፈርተዋል። ሰው ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ሳያስበው ፍሙን ይቆሰቁሳል። ስለዚህ ወይ ፍሙ ይጠረግ፣ ወይ አመድ ይልበስ አሉ። ፕላታ የዚያ አመድ የለበሰ ፍም ልጅ ነው። ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ሙቀት መጨመሪያ የለውም፤ ሰንበት ሳይገባ ይሰካል፤ ቀኑን ሙሉ በዚያው ሙቀት ይቆያል። የሚቆሰቆስ ነገር የለም። ጋዝ ምድጃ ላይ የምታሳድሩ ከሆነ ግን እሳቱንም መዘውሩንም የሚሸፍን ብረት አልብሱት።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ፕላታውን አትተው፤ እናትህንም ከፕላታው ብሉ አትበል። ይህ ለማስታረቅ ያህል የመጣ ነገር እንዳይመስልህ፤ ሕጉ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። በሰንበት ትኩስ መብላት የተወደደው ነቢዩ ኢሳይያስ ሰንበትን ደስታ በላት ስላለ ነው። ሹልኻን ዓሩኽ ራሱ ምግብ የሚጎዳው፣ አለመብላት ደስታው የሆነ ሰው አይብላ ይላል። ትኩሱ የሚያስጨንቀው ሰው ደስታው ቀዝቃዛው ነው። ዘሌዋውያን 19፥3ን ደግሞ ተመልከት፤ እናትና አባትን መፍራትና ሰንበትን መጠበቅ አንድ ቁጥር ውስጥ ነው የተጻፉት፤ እናት ደግሞ ከአባት ቀድማ ተጠርታለች። የመካከለኛው ዘመን የኦሪት ተርጓሚ ራሺ ሲፈታው፣ ወላጅህ ሰንበትን ሻር ቢልህ አትስማ ማለት ነው ይላል። እናትህ ግን ሻር አላሉህም። ከአንተ በላይ ጠብቀውት ነው።

በረቢዎች መካከል ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወደ እስራኤል የገባ ሁሉ የሹልኻን ዓሩኽን ሥርዓት ይያዝ ይላል። ሌላው ከአያት የመጣውን ጥብቅ ልማድ በተለይ ሽማግሌዎች አይተዉ ይላል። እኔ በ76 ዓመት ሴት ላይ የመጀመሪያውን አልፈርድም። ለልጆችህ ግን ቤትህ የያዘውን አስተምር። ያለዚያ በአንድ ቤት ሁለት ሰንበት ይሆንና ልጆቹ ሁለቱንም ይንቃሉ።

አደራረጉ እንዲህ ይሁን። ፕላታውን ከጠረጴዛው አርቀህ ኩሽና ጥግ አድርገው። የእናትህ ምግብ በራሱ ሳህን፣ ቀድሞ ይቅረብ። ብቻቸውን ቀዝቃዛ እንዳይበሉ ሁላችሁም የምትበሉት ቀዝቃዛ ነገር አዘጋጁ። አዚፋ ከጥንቱም ቀዝቃዛ ነው፤ ሰናፍጩ ዓርብ ገብቶበት ካደረ ይበልጥ ይጣፍጣል። የተቀቀለ እንቁላል አለ፤ ሰላጣ አለ። ዳቦውን ራሳቸው ይጋግሩት። ለሰንበት ማዕድ ሁለት ሙሉ ዳቦ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ድፎ ከሚሆን ሁለት ይሁን። የእናትህ ዳቦ የባለቤትህን ኻላ (የሰንበት ዳቦ) ቦታ ሲይዝ ታያለህ፤ ያን ቀን ሰበቡ ይቀንሳል። ዱቄቱ ከ1 ኪሎ ከ666 ግራም ካነሰ ምን እንደሚደረግ ረቢህን ጠይቅ፤ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ባርካችሁ ከሊጡ ላይ ይህም ኻላ የሚባለውን ድርሻ ቆርሳችሁ አውጡ። ከረሳችሁ ዳቦው እዚህ አገር በሰንበት አይበላም፤ በሰንበት ማውጣት አይቻልምና።

አንድ ነገር እንዳታደርግ፦ ከፕላታ አውርደህ አቀዝቅዘህ «ይሄ እሳት አልነካውም» ብለህ አታቅርብላቸው። «አይገባቸውም» ብለው እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች አይቻለሁ። ውሸት ነው፤ አንድ ቀን ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ውሃም ከእጅህ አይቀበሉም።

ልኩም አለው። ሰንበት ከገባ በኋላ እናትህ የልጅ ልጃቸውን «ያንን ንቀለው» ቢሉ አይነቀልም። ማጥፋትም እንደ ማብራት ክልክል ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው አምፖል በሩ ሲከፈት እንዳይበራ ዓርብ ይጥፋ። ቀዝቃዛ ውሃ ከቧንቧ መክፈት ይፈቀዳል፤ እሳቸው ግን ዓርብ ማስቀዳት ከወደዱ ባልዲ ሙላላቸው። የሞቀ ውሃ ቧንቧ ላይ ግን አንተ ነህ የምትሳሳተው፦ ሙቁን ስትከፍት ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ማሞቂያው ይገባና ይሞቃል። በኤሌክትሪክ ለሚሞቀው ይህ ማብሰል ነው። ለፀሐይ ማሞቂያው ረቢዎች ይለያያሉ።

መድኃኒት ላይ ግን ልማድ የሚባል ነገር የለም። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት በሰንበትም በሰዓቱ ይወሰዳል። ሰው ከታመመ ወደ አምቡላንስ፣ 101 ይደወላል፤ የሚደውለውም ራስህ ነህ፣ ጎረቤት አትፈልግ። እናትህ ከተከራከሩ አንድ ነገር አስታውሳቸው። ዘመቻ ሰለሞን የተካሄደው ግንቦት 1983 ነው፤ በፈረንጅ 1991፣ ሜይ 24 እና 25። 24ኛው ዓርብ ነበር። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲጓጓዝ አውሮፕላኖቹ ሰንበት ገባ ብለው አልቆሙም። የሰው ሕይወት ነበራ። ምናልባት እሳቸው ራሳቸው በሰንበት ከበረሩት አንዷ ናቸው።

ዶሮ ወጡ። ደረቅ ነገር፣ ለምሳሌ የተጠበሰ ዶሮ፣ አንዴ ከበሰለ ዳግም ማሞቁ እንደ ማብሰል አይቆጠርም፤ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ በሰንበት ፕላታ ላይ ማኖርን ብዙዎች ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶች ከሥሩ የተገለበጠ መጥበሻ ይኑር ይላሉ። መረቅ ያለው ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ዳግም ማሞቁ ማብሰል ነው። የየመን አይሁዶች ራምባምን (ረቢ ሙሴ ማይሞኒደስን) ተከትለው ይፈቅዳሉ፤ አንተ የመናዊ አይደለህም። ስለዚህ ወጡ ሙሉ በሙሉ በስሎ፣ ትኩሱን፣ ሰንበት ሳይገባ ፕላታ ላይ ይቀመጥ። እስከ ቅዳሜ ምሳ ይደርቃልና ዓርብ ቀጠን አድርጉት፤ በሰንበት ውሃ ጠብ አይደረግበትም። ስትጨልፍ አውርደህ ጨልፍ። መመለስ ከፈለግህ ገና ሲወርድ ልመልሰው ብለህ አስብ፣ ከእጅህ ሳትለቅ፣ ትኩስ እንዳለ መልሰው።

ድስቱን ደግሞ በብርድ ልብስ አትጠቅልሉት። እኔ ራሴ እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ወጡን ፕላታ ላይ አድርጌ በጋቢ ጥቅልል አድርጌው አድሬያለሁ፤ ብልህ ነኝ ብዬ። ሙቀት በሚጨምር ነገር ላይ ድስትን ዙሪያውን መጠቅለል ዓርብም ቢሆን ክልክል መሆኑን የነገረኝ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ነው። ጋቢውም ተቃጥሎ ነበር። ከላይ ጣል የተደረገ ጨርቅ ጎኑን ካልሸፈነ ምንም አይደለም።

እንጀራ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ አለ። እንጀራ የተጋገረ ነገር ነው። የተጋገረ ነገር ትኩስ መረቅ ውስጥ ሲገባ እንደ አዲስ ይበስላል የሚል ወገን ሹልኻን ዓሩኽ ውስጥ አለ፤ የሚፈቅድም አለ። እኛ ግን ወጥን ከድስት በቀጥታ ትሪ ላይ ባለው እንጀራ ላይ ነው የምናፈስሰው። ከዚህ ተጠንቀቅ። መጀመሪያ ወደ ጎድጓዳ ሳህን ጨልፈው፤ እጅ የማያስፈነጥር እስኪሆን ጠብቅ፤ ብዙዎች ልኩን 45 ዲግሪ ያደርጉታል፤ ከዚያ እንጀራው ላይ አውጣው። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ልጆች የሚጮኹት ለዚያ አምስት ደቂቃ ነው።

ስለ ሰዓቱም አንድ ቃል። ጎንደር ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ክረምት ከበጋ የሚለያየው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ ግን ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አልፎ ትጠልቃለች፤ ሰኔ ላይ ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ትጠጋለች። ሻማ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የሚበራው፤ ኢየሩሳሌም 40 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ ሃይፋ 30፣ ብዙ ቦታ 20 ደቂቃ ገደማ። እናቶቻችን ታኅሣሥ አካባቢ ዓርብ የሚዋከቡት ለዚህ ነው፤ በልምዳቸው ቀኑ ገና ነው። ሽንኩርቱ ሐሙስ ማታ ይቁላላ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ድስቱ ካልወረደ እናትህ ቤትህ ውስጥ ሰንበት የለም ብለው ቢያስቡ አልፈርድባቸውም።

ቡናው። መቁላትና ማፍላት ማብሰል ነው፤ መውቀጥ መፍጨት ነው፤ ሁለቱም በሰንበት ከተከለከሉት 39 ሥራዎች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ዓርብ አፍልታችሁ ጥሩ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጉት። ፔርሙዝ እሳት የለበትም፤ የማውቃቸው አንዳንድ እናቶች «ይሄስ ጎጆ ነው፣ ሙቀቱን ይዞ ተኛ» ብለው ይቀበሉታል። እናትህን ጠይቅ፤ እምቢ ካሉ ተው። ጤና አዳም ከወደዱ ዓርብ ቡናው ውስጥ ይግባ። ቅዳሜ ሲኒ ውስጥ ቅጠል አኑረህ ትኩስ ቡና ብታፈስበት ቅጠሉን አበሰልከው፤ በረንዳ ላይ ካለው ማሰሮ ብትቀጥፍ ደግሞ አጨድክ። ስኳር ግን ችግር የለውም፤ በፋብሪካ የበሰለ ነው።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ወጥቶ ሃቭዳላ፣ የሰንበት መሸኛው ጸሎት፣ ሲደረግ በሻማው ላይ ስለ እሳት ይባረካል። እናትህ በዚያን ሰዓት አጠገብህ ይቁሙ፤ ሻማውን ለእሳቸው ስጣቸው። ከዚያ ምጣዱ ይጣድ፤ ቡናውን እሳቸው ይቁሉት፤ የባለቤትህን ወንድምም ጥራው፤ ሲኒ ይዞ ይዙር።